የሸፈንኩት መልስ አጋለጠኝ

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይላሉ አበው። የእኔ ጉድ የተሰማው ግን በኅዳር ነው፤ ያውም የሱሉልታ ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሰሞን።

ውድ አንባቢያን፣ ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ባለችው ሱሉልታ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤቱንም የተማሪዎቹንም ስም አልጠራም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላው ሰው ምን በወጣው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ ቶሎ አልደረሰም። ቀድሞ የደረሰን ሶፍት ኮፒው ነው፤ ፒዲኤፍ የሚሉት። ቴሌግራም ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለብዙዎቻችን ከተማሪ ጋር መገናኛ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልተለየንም። «እንግዲህ መጽሐፉን በቴሌግራም መላክ ነው!» አልን። ዳሩ ግን ሙሉ መጽሐፍ በሞባይል ዳታ ማውረድ ለድሃ ልጅ ቀላል አይደለም። የሞላው ካርድ ያልቃል፤ የተዋሰው የአባቱ ስልክም «ቦታ የለኝም» ይላል።

አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ መላ አሳየኝ። እንደ አይላቭ ፒዲኤፍ እና ስሞል ፒዲኤፍ ያሉ ድረ ገጾች ላይ ሶፍት ኮፒውን ታስገባላችሁ፤ የምትፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ቆርጠው፣ መጠኑንም ቀንሰው ይመልሱላችኋል። ለመጠነኛ ሥራ ሳንቲም አይጠይቁም። እኔም ባንድ ምሽት ስለ ሴል የሚያወራውን ምዕራፍ ለብቻው አውጥቼ ላክሁላቸው። ልጆቹ ደስ አላቸው። «ይቺማ ቀላል ነች!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ።

ታዲያላችሁ፣ አምና ያዘጋጀሁት ባለ 20 ጥያቄ መልመጃ ነበረኝ፤ ከየጥያቄው ሥር መልሱ የተጻፈበት። የዎርድ ፋይሉ ጠፍቶብኝ የቀረኝ ፒዲኤፉ ብቻ ነው። አንዱ ነፃ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁትና በየመልሱ ላይ ነጭ ሣጥን ለጠፍኩበት። ገጹ ጥርት አለ! ቤታቸው ሠርተው እንዲያመጡ፣ ከ20 እንደሚያዝላቸውም ነግሬ በቴሌግራም ለቀቅሁት።

ሳርም ጉድ አየሁ። 31 ልጆች 20 ከ20! ከቀሩት መካከል አንዲት ልጅ 13 አገኘች። ቤቷ ስማርት ስልክ የለም። ጥያቄዎቹን ከጓደኛዋ ደብተር ገልብጣ፣ ራሷ አስባ ነው የሠራችው። እኔ ግን ይህን የት አውቄ! ክፍል ውስጥ አስነስቼ «ጓደኞችሽ ሃያ ሲደፍኑ አንቺ ምን ነካሽ? ይሄ ስንፍና ነው!» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር ይቅርታ፣ 14ኛዋን እስቲ ይዩልኝ» አለች። አየሁላት። ጥያቄው ዕፅዋት ምግባቸውን የሚያዘጋጁት በየትኛው የሴል ክፍል ነው የሚል ነው። እሷ ክሎሮፕላስት ብላለች፤ እኔ ኤክስ አድርጌባታለሁ። የኔ መልስ ሚቶኮንድሪያ ይላል። ልክ እሷ ናት! አምና ስጽፍ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ።

እሺ፣ እኔስ ተሳሳትኩ። 31 ልጅ እንዴት ከኔ ጋር አብሮ ተሳሳተ? ላቤ መጣ።

የክፍሉን አለቃ ጠርቼ «አትዋሸኝ» አልኩት። ስልኩን አወጣ። ነጩ ሣጥን ላይ ጣቱን ጫን አድርጎ ያዘ፤ ኮፒ አለ፤ መልእክት መጻፊያው ላይ ለጠፈው። መልሴ ቁልጭ ብሎ ወጣ! «ቲቸር፣ እኛ እኮ ሆን ብለው የተዉልን መስሎን ነው» አለኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን ለሱ ልተወው።

በኋላ ሳጠያይቅ ገባኝ። ፒዲኤፍ አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የሰነድ ዓይነት ነው። የተሠራው ገጹ በየትኛውም ማሽን ሳይዛነፍ እንዲታይ እንጂ እንደ ልብ እንዲታረም አይደለም። በላዩ ሣጥን ስትለጥፉ ከሥር ያለው ፊደል አይነካም። ግድግዳ ላይ የተጻፈን ነገር በመጋረጃ እንደ መከለል ነው፤ መጋረጃውን የገለጠ ሁሉ ያነበዋል። በዚህ የተዋረድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2011 ዓ.ም. የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበሩት የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባስገቡት ሰነድ ላይ ምስጢሩን በጥቁር ሸፍነውት ነበር። ጋዜጠኞች ኮፒ አድርገው አነበቡት!

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ክፍሉ ፊት ቆሜ «ስንፍና ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ያንን ውጤት በሙሉ ሰረዝኩት። አዲስ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሁሉም እዚያው እንዲሠሩ አደረግሁ። እሷ 17 አመጣች። ሃያ ደፍነው ከነበሩት ውስጥ አሥር ያልሞሉም ነበሩ። ልጅቷ ግን እስካሁን ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም።

እናንተ በኔ ተማሩ። ለመምህራንም፣ ልጅ ለሚያስጠኑ ወላጆችም የምመክረው ይህን ነው፦

አንደኛ፣ ጥያቄና መልስን ባንድ ፋይል አታኑሩ። የሌለ ነገር አይገለጥም።

ሁለተኛ፣ የዎርድ ፋይላችሁን ጠብቁ። ከጠፋባችሁ ፒዲኤፉን ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በኮምፒውተር በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ወደሚታረም ጽሑፍ ይቀይርላችኋል። ሠንጠረዥና ሥዕል ሊያዛባ ይችላልና አስተካክሉ። መልሱን እዚያው ሰርዛችሁ አዲስ ፒዲኤፍ አውጡ። የአማርኛ መምህራን ደግሞ ልብ በሉ፤ የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ኮፒ ሲደረግ ፊደሉ ሊመሰቃቀል ይችላል።

ሦስተኛ፣ መሸፈን ግድ ከሆነባችሁ ከሸፈናችሁ በኋላ ገጾቹን ወደ ፎቶ ቀይሩ፤ ፎቶዎቹን መልሳችሁ ፒዲኤፍ አድርጉ። ያኔ ከሣጥኑ ሥር የሚቀር ፊደል አይኖርም።

አራተኛ፣ ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። የሸፈናችሁትን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉ። ምንም ካልወጣ ላኩ።

አምስተኛ፣ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ላይ ያስገባችሁት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ይሄዳል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ እናጠፋዋለን ይላሉ፤ እናንተ ግን ሄዳችሁ አታዩም። ስለዚህ የተማሪ ስም ከነውጤቱ፣ ገና ያልተሰጠ ፈተናም አታስገቡ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀድሞ በመውጣቱ ምክንያት ተሰርዞ፣ የስንቱ ልጅ ልብ እንደተሰቀለ አይተናል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ሊብሬ ኦፊስን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ፤ በነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ፒዲኤፍ ከፍቶ ያርማል።

የመጨረሻውና ዋናው፦ በስልክ የምትልኩትን ሥራ ማርክ ከመያዛችሁ በፊት ስልክ የሌለው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሁለት ወረቀት አትሞ መስጠት ልጅ ፊት ከመዋረድ ይረክሳል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ከላይ ሸፍኜ ከሥሩ ረሳሁት።

ቸር ይግጠመን!