ከሁለቱ ማን ይበልጥ ያስቆጥራል?

ሁለት ወጣቶች በአንድ ቡድን ተሰልፈው ሲያበሩ፣ ተመልካች «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። በጦር ሰፈር ሜዳም ሆነ በታላላቅ አዳራሾች ክርክሩ ያው ነው። በአሜሪካው ቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይህ ጥያቄ በጄሰን ቴተምና በጄይለን ብራውን ላይ ለዓመታት ሲነሣ ቆይቷል።

ብራውን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቴተም በ2017 ቡድኑን ተቀላቀሉ። በመጀመሪያው የጋራ የውድድር ዘመናቸው ብራውን በየግጥሚያው በአማካይ 14.5፣ ቴተም 13.9 ነጥብ አስቆጠሩ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ለታላቁ በፈረደ ነበር። ይሁን እንጂ ነጥቡ እንዴት እንደተገኘም መመርመር ያሻል።

ቴተም ረጅም ነው፤ ኳሱንም ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ስለሚወረውር ተከላካይ አጠገቡ ቆሞ እንኳ ሊያግደው ይቸገራል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሸርተት ይልና ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ይወረውራል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመቱ ከዚህ ርቀት ከወረወራቸው ኳሶች ከመቶ 43ቱን አግብቷል። የሌላውን ቅብብል ሳይጠብቅ ለራሱ ዕድል የሚፈጥር እንዲህ ያለ ተጫዋች፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እጅግ ይፈለጋል።

ብራውን ደግሞ በእግሩ ኃይልና በፍጥነቱ ይተማመናል። ኳስ ከባላጋራ እንደተነጠቀ ቀድሞ ይሮጣል፤ ተከላካዩን በትከሻው እየገፋ እስከ ቅርጫቱ ሥር ይዘልቃል። ድካሙ በግራ እጁ ኳስ ማንጠር ነበር። በግንቦት 2023 ከማያሚ ጋር በተደረገው ሰባተኛ ግጥሚያ ቴተም ገና ከጅምሩ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ሸክሙም በብራውን ላይ ወደቀ። ብራውን 23 ጊዜ ወርውሮ 8 ብቻ አገባ፤ 8 ጊዜም ኳሱን ለባላጋራ አስረከበ። ቦስተን ተሸነፈ፤ «አንዱ ይሸጥ» የሚለው ድምፅም በረታ። ቡድኑ ግን በሐምሌ ወር ለብራውን እስከ 304 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የአምስት ዓመት ውል ሰጠው። በሊጉ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ይህን የሚያህል ውል አልነበረም።

በማስቆጠር ችሎታ ቴተም ይበልጣል ለማለት አንሠጋም። በዚያው የውድድር ዘመን አማካዩ 30.1 ሲሆን የብራውን 26.6 ነበር። በአንድ ግጥሚያ ቴተም በ2021 60፣ ብራውን በ2022 50 ነጥብ አስቆጥረዋል። ነገር ግን ኃይሉን ሁሉ በአንድ ግንባር ያከማቸ ወገን ሌላው ግንባር እንደሚሳሳበት ወታደር አንባቢያችን ያውቃል፤ በቴተም ላይ ሁለት ተከላካይ ያሰለፈ ቡድን ለብራውን መንገድ ይከፍታል።

በሰኔ 2024 ቦስተን ዳላስን 4 ለ1 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። በፍጻሜው ቴተም በአማካይ 22.2፣ ብራውን 20.8 ነጥብ አስቆጠሩ። የዳላሱን አስፈሪ አጥቂ ሉካ ዶንቺችን የመቆጣጠር ከባድ ሥራ በአብዛኛው የተጣለው ግን በብራውን ላይ ነበር፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠውም እሱ ነው። ዋንጫውን ሲቀበል ሽልማቱን ከጓደኞቹና ከአጣማሪው ከቴተም ጋር እንደሚጋራ ተናገረ።