የውሻ ስሪያ ሲያስቸግር

ውሻ ለመራባት የሰው እርዳታ የሚያስፈልገው እንስሳ አይደለም። በየሰፈሩ የሚዞሩ ውሾች ድራት ላይ ያለችውን እንስት ተከትለው ሲተራመሱ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው ሰው ምርጫውን ከእንስሳቱ ወስዶ ይቺ ከዚያኛው ትውለድልኝ ሲል ነው። ግቢ ተዘግቶባት ያደገች ጀርመን ሸፐርድ፣ ሌላ ውሻ በቅርብ አይታ የማታውቅ፣ በመኪና ተጭና ወደ እንግዳ ግቢ ትወሰድና በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ እንዲያልቅ ይጠበቃል። ሳይሆን ሲቀር እሷ መካን፣ ወንዱ ሰነፍ ይባላሉ። የእንስሳት ሐኪሞች የሚያውቁት ሐቅ ግን ሌላ ነው፤ ጤነኛ እንስት ውሻ ሳትፀንስ የምትቀርበት ዋናው ምክንያት ቀኑን መሳት ነው።

የውሻ የመራቢያ ዑደት ከሌሎች የቤት እንስሳት የተለየ ነው። ላም ካልፀነሰች በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች። እንስት ውሻ ግን ድራት ላይ የምትሆነው በአማካይ በ7 ወር አንዴ ነው፤ ባሴንጂ የተባለው የመካከለኛው አፍሪካ ዝርያማ በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አጋጣሚ ካመለጠ ቀጣዩን ለማግኘት ግማሽ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ይላል። ዑደቱ የሚጀምረው ብልቷ አብጦ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውረድ ሲጀምር ነው። ይህ ክፍል 9 ቀን ገደማ ይቆያል። ወንዶች ይከተሏታል፣ እሷ ግን እያጉረመረመች ታባርራቸዋለች ወይም ቁጭ ትልባቸዋለች። ቀጥሎ ወንድ የምትቀበልበት ጊዜ ይመጣል፤ እሱም በአማካይ 9 ቀን ነው። ፈሳሹ ይገረጣል፣ የብልቷ እብጠት ይለሰልሳል፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ ሲነኳት ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ትቆማለች።

አማካይ ቁጥር ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው አሳስቷል። አንዷ ደም ከታየ ሳምንት ሳይሞላ እንቁላል ስትጥል ሌላዋ ከ20 ቀን በላይ ልትቆይ ትችላለች፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። በ11ኛውና በ13ኛው ቀን አገናኟቸው የሚለው የቆየ ምክር ለብዙዎቹ ይሠራል፣ ለማይሠራላቸው ግን ግማሽ ዓመት ያስቆጥራል። ከዚህም ሌላ አንዳንዷ ያለ ምንም የሚታይ ደም ድራት ላይ ትሆናለች። በተለይ ወጣቶቹ ላይ ደግሞ ምልክቱ ጀምሮ ይጠፋና ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይመለሳል፤ እንቁላል የሚጣለው በሁለተኛው ዙር ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ዙር ወንድ አምጥቶ ደክሞ ከሆነ፣ ትክክለኛው ቀን ሲመጣ ማንም አያስታውሰውም።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እንቁላሉ ላይ ነው። የብዙ አጥቢዎች እንቁላል ከእንቁላል ዕጢው ሲወጣ ወዲያው ለመፅነስ ዝግጁ ነው። ለዚህም ነው የላም አዳቃይ ቴክኒሻን ጠዋት የደራችውን ከሰዓት፣ ከሰዓት የደራችውን በማግስቱ ጠዋት የሚያዳቅለው። የውሻ እንቁላል ግን ሳይበስል ነው የሚጣለው። ሉቲናይዚንግ የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ድንገት ካሻቀበ ከ2 ቀን በኋላ እንቁላሎቹ ይለቀቃሉ፤ ከዚያም በማህፀን ቱቦ ውስጥ ሌላ 2 ወይም 3 ቀን ይበስላሉ። ከበሰሉ በኋላ የሚቆዩት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በአንጻሩ የጤነኛ ወንድ ዘር በእንስቷ ሰውነት ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የጎዳና ውሾች ቀን ሳይቆጥሩ የሚሳካላቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዘሩ ቀድሞ ገብቶ እንቁላሉን ይጠብቃል፣ ስሪያውም ይደጋገማል። አንድ ጊዜ ብቻ ለመገናኘት ከሩቅ ለሚመጡት ግን ይህ ሰፊ ዕድል የለም።

ቀኑን ለማወቅ ሁለት ምርመራዎች አብረው ይሠራሉ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ከብልቷ ውስጥ በጥጥ ዘንግ ናሙና ይወሰድና መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብ ክብ ሕዋሳትና ቀይ የደም ሕዋሳት ተቀላቅለው ይታያሉ። ወንድ የምትቀበልበት ጊዜ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሕዋሳት ጠፍጣፋና ጠርዛቸው የተቆራረጠ ይሆናሉ። ይህ ምርመራ ጊዜው መቅረቡን ይናገራል፣ እንቁላሉ የተጣለበትን ቀን ግን ለይቶ አያሳይም። ያንን የሚያሳየው በደም ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን መጠን ነው። ዑደቱ ሲጀምር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1 ናኖግራም በታች ይሆናል፤ 2 አካባቢ ሲደርስ ሉቲናይዚንግ ሆርሞን ማሻቀቡን ያመለክታል፤ 5 ገደማ ሲሆን እንቁላል እየተጣለ ነው። ደም የሚወሰደው ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ቀን ጀምሮ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ሲሆን፣ የተለያዩ መሣሪያዎች የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ ከአንድ ላቦራቶሪ ሳይወጡ መከታተል ይመረጣል። ስሪያው እንቁላል ከተጣለ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ይደረጋል፤ ከዚያ አንድ ቀን አሳርፎ ይደገማል።

ቀኑ ታውቆም እንስሳቱ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ልማዱ እንስቷን ወደ ወንዱ ግቢ መውሰድ ነው፤ ወንድ ውሻ በእንግዳ ቦታ ጊዜውን በማሽተትና ሽንት በመርጨት ይጨርሳል። ወለሉ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ጠላት ነው። በሴራሚክ ላይ የኋላ እግሩ የሚንሸራተት ወንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይተዋል፤ ሻካራ ምንጣፍ ሲነጠፍለት ወይም ሣር ላይ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። የቁመት ልዩነት ካለ አጭሩ በጠንካራ መደብ ላይ ይቆማል። ተመልካች መብዛት የለበትም። ሲያድግ እንስት ላይ ለመውጣት በሞከረ ቁጥር የተቆጡት ውሻ በባለቤቱ ፊት ድፍረት ያጣል፤ እንዲህ ያለው ወንድ ጌታው ከአጠገቡ ዞር ሲልለት የሚደፍርበት ጊዜ አለ። እንስቷ የምትናከስ ከሆነ ባለቤቷ አንገቷን ይዞ ያረጋጋታል፣ አፏም በለስላሳ ጨርቅ ይታሰራል። አጥብቆ ይዞ ማስገደድ ግን ሌላ ነገር ነው። እምቢታዋ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ገና መሆኑን ወይም የሚያማት ነገር መኖሩን የሚናገር ስለሆነ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ስሪያው ሲሳካ ሁለቱ ይጣበቃሉ። በወንዱ ብልት ግርጌ ያለው ክፍል በደም ተሞልቶ ያብጣል፣ የእንስቷ ጡንቻዎችም ከበስተኋላው ይጨብጡታል። ወንዱ ከጀርባዋ ወርዶ አንድ እግሩን ያሻግርና ጭራ ለጭራ ይቆማሉ። ይህ ከ5 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በየመንገዱ ልጆች በዚህ ሰዓት ድንጋይ የሚወረውሩት፣ አዋቂዎችም ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉት ሊያላቅቋቸው ነው። ውሃው አያላቅቃቸውም፤ ደንግጠው ሲጓተቱ ግን የሁለቱም ብልት ሊቀደድ፣ የወንዱ ብልት ውስጥ ያለው አጥንትም ሊሰበር ይችላል። የሚበጀው እንስቷ እንዳትቀመጥና እንዳትጎትት ይዞ መጠበቅ ነው። ሳይጣበቁ መቅረት ደግሞ የግድ ከንቱ ድካም አይደለም፤ ዘር የበዛበት ፈሳሽ ቀድሞ የሚወጣ ስለሆነ ሳይጣበቁም ፅንስ ሊኖር ይችላል።

ከባሕርይ ሌላ የአካል እንቅፋትም አለ። አንዳንድ እንስት በብልቷ ውስጥ ከልደት የቀረ የሥጋ ጅማት ወይም ጥበት ይኖራታል፤ ወንዱ ወጥቶ ሊገባ ሲል ጮኻ ትዞራለች። ይህ ከስሪያው ቀን በፊት ሐኪም በጓንት ጣቱ ቢፈትሽ የሚገኝ ችግር ነው። በቦክሰርና በትላልቅ ማስቲፍ ዝርያዎች ላይ ደግሞ በኤስትሮጅን ሆርሞን ምክንያት የብልቷ ግድግዳ አብጦ እንደ ዕጢ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዑደቱ ሲያልፍ ይመለሳል። ወንዱም ዳሌውን ወይም ወገቡን የሚያመው ከሆነ ፍላጎቱ እያለው ወጥቶ መቆም ያቅተዋል። ይህ በጀርመን ሸፐርድ የተለመደ ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ለቡችሎች ስለሚተላለፍ እንዲህ ያለውን ወንድ በእርዳታ ለማራባት መታገል ትርጉሙ አጠያያቂ ነው። አንድ ቆለጡ ያልወረደውም እንደዚሁ።

ከሁሉ በፊት መቅደም ያለበት ግን የብሩሴላ ምርመራ ነው። ብሩሴላ ካኒስ የተባለውን ባክቴሪያ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሊላንድ ካርማይክል እ.ኤ.አ. በ1966 ለይቶ አወጣው። በእንስቷ ላይ እርግዝናው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ያስጨነግፋል፤ በወንዱ ላይ ቆለጡን አሳብጦ ዘሩን ያበላሻል። ክትባት የለውም፣ በመድኃኒትም ከሰውነት ማጥፋቱ አስቸጋሪ ነው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። የጨነገፈ ፅንስን በባዶ እጅ መንካት ክልክል የሚሆነው ለዚህ ነው። ውሾች ልቅ ሆነው በሚዞሩባቸው አገሮች በስሪያ የሚተላለፍ የብልት ዕጢም አለ። ደም የሚያንጠባጥብ አበባ ጎመን መሳይ እብጠት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ቪንክሪስቲን በተባለው መድኃኒት ይድናል።

ተፈጥሯዊው መንገድ ሲዘጋ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ይመጣል። ዘዴው በኢትዮጵያ ስሙ የተያያዘው ከወተት ላም ጋር ቢሆንም ታሪኩ የሚጀምረው ከውሻ ነው። ጣሊያናዊው ቄስና ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ ከወንድ ውሻ የወሰደውን ዘር በሰውነት ሙቀት ጠብቆ ተዘግቶባት ለነበረች እንስት በመርፌ ቱቦ ሰጣት፤ ከ62 ቀን በኋላ ሦስት ቡችሎች ወለደች። ዛሬም ቀላሉ አሠራር ከዚያ እምብዛም አልራቀም። ወንዱ ድራት ላይ ያለች እንስት አጠገብ ይቆምና ሐኪሙ በእጁ ዘሩን ለስላሳ ቀፎ በተገጠመለት ብልቃጥ ይቀበላል። መጀመሪያ ጥቂት የጠራ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ወተት መሳይ ነጭ፣ በመጨረሻ እንደገና የጠራ የፕሮስቴት ፈሳሽ ይወጣል፤ የሚፈለገው ነጩ ነው። አንዲት ጠብታ በሞቀ መስታወት ላይ አድርጎ ማየት ብዙ ይናገራል። በደህና ናሙና ውስጥ ቢያንስ 70 በመቶው የዘር ሕዋስ ወደፊት ይዋኛል፣ ጠቅላላው ቁጥርም ከ300 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ናሙናው ደካማ ከሆነ ወንዱ ለዘለዓለም ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ዘር ተሠርቶ ለመብሰል 2 ወር ያህል ስለሚፈጅ የዛሬው ናሙና የሚያሳየው ምናልባት ያለፈውን ትኩሳት ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ወደ አከርካሪዋ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ወደፊት ይገፋል፤ ቀጥታ ከገባ የሽንት መውጫዋን ያገኛል። ዘሩ ቀስ ተብሎ ይለቀቅና የእንስቷ ዳሌ ለ10 ደቂቃ ያህል ከፍ ተደርጎ ይያዛል።

ከሩቅ አገር የሚመጣ ዘር ጉዳዩን ያከብደዋል። በ4 ወይም በ5 ዲግሪ የቀዘቀዘ ዘር ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጠው ግን ለዓመታት። ከበረዶ በወጣ ዘር የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ጉድለቱ ዘሩ ከቀለጠ በኋላ ዕድሜው አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እንቁላል ከተጣለ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጠባብ ጊዜ፣ ያውም ብልት ውስጥ ሳይሆን የማህፀን በርን አልፎ መድረስ አለበት። ይህን ሐኪሙ ጫፉ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ በማህፀን በር በኩል ያደርገዋል። ሆድ ቀድዶ ማህፀን ውስጥ መስጠትም አለ፤ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲሉ ከልክለውታል። ከሰውነት ውጭ ማዳቀል ደግሞ በሰው ከተሳካ ከ37 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው በኮርኔል ለውሻ የተሳካው፤ ሰባት ቡችሎች ተወለዱ። ተመራማሪዎቹን ከጠቀሟቸው ነገሮች አንዱ እንቁላሉ በቱቦው ውስጥ አንድ ቀን እንዲሰነብት መተዋቸው ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ቡልዶግን የመሳሰሉ ፊታቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ትንፋሻቸው ስለሚያጥርና አካላቸው ስለማያመች በራሳቸው መሰራረር ይቸግራቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ በታተመ ጥናት ደግሞ ከቡልዶግ ወላጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የወለዱት በቀዶ ሕክምና ነበር። ሳይሰረሩ የሚፀንሱ፣ ሳያምጡ የሚወልዱ እንስሳትን በዚሁ መልክ ማብዛት የአርቢው ስህተት እንጂ የሐኪሙ ስኬት ተብሎ መቆጠር የለበትም።

ስሪያው ወይም ማዳቀሉ ከተጠናቀቀ በኋላ እርግዝናን በፕሮጄስትሮን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ያልፀነሰችውም እንስት ለ2 ወር ያህል ያው ሆርሞን ከፍ ብሎ ይቆይባታል፣ ጡቷ ሊያብጥና ወተት ሊያወጣም ይችላል። አልትራሳውንድ ከ25ኛው ቀን ጀምሮ የቡችሎቹን ልብ ምት ያሳያል። እርጉዝ ውሻ ብቻ የምታመነጨው ሪላክሲን የተባለ ሆርሞን በአንድ ወር ገደማ በደም ይገኛል። የቡችሎቹን ቁጥር ለማወቅ ከ55ኛው ቀን በኋላ ራጅ ይነሳል። በትክክለኛ ቀን፣ ዘሩ በተመሰከረለት ወንድ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ፅንስ ካልተገኘ ምርመራው ወደ ማህፀኗ ይዞራል፤ ከ6 ዓመት በላይ በሆኑት የማህፀን ግድግዳ ውፍረትና መግል መያዝ የተለመደ ነው።

ለፀነሰችው የመውለጃ ቀኗ የሚቆጠረው ከስሪያው ሳይሆን እንቁላል ከተጣለበት ቀን ነው፤ ከዚያ 63 ቀን፣ አንድ ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ። ከስሪያው ከተቆጠረ ግን ዘሩ የቆየበት ቀን ስለሚጨመር ከ57 እስከ 72 ቀን ሊወዛወዝ ይችላል። የሰውነቷ ሙቀት ከ37.2 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምጡ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። አንድ ቡችላ ብቻ የያዘች እንስት ምጥ ሳይጀምራት ቀኗን ልታልፍ ስለምትችል፣ የፕሮጄስትሮን ውጤቶቿ የተመዘገቡበት ወረቀት ለአዋላጁ ሐኪም ይሰጣል።