«ሲስተሙ ነው የዘጋው» ሲሏችሁ

በጆሃንስበርግ ጄፒ ሱቅ ላላችሁና በከተማዋ ኡበርና ቦልት ለምትሠሩ ወገኖቼ፦ አካውንታችሁ ሲዘጋ ወይም ብድር ስትከለከሉ «ሲስተሙ ነው» የሚለውን መልስ ይዛችሁ አትመለሱ።

ፖፒያ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስቀጣል። አንቀጽ 71 ላይ እንደተጻፈው፣ የሥራ አፈጻጸማችሁን፣ የብድር ብቃታችሁን ወይም ያላችሁበትን ቦታ መዝኖ ኮምፒውተር ብቻውን በእጅጉ የሚነካችሁን ውሳኔ ሊወስን አይገባም። ከውል ጋር የተያያዘ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ኩባንያዎችም አብዝተው የሚጠለሉት እዚያ ነው። በውሉ መሠረት ያቀረባችሁት ጥያቄ ካልተፈቀደላችሁ ግን፣ ልዩ ሁኔታው ቢኖርም ውሳኔው በምን ስሌት እንደተደረሰበት በበቂ ሊያስረዷችሁና ቃላችሁን ሊሰሙ ይገባል። ለእኔ የሕጉ ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ነው። ማብራሪያ እንዲሰጧችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

የመንገድ ካሜራውም ያሳስበኛል። በ2020 እ.ኤ.አ. የጆሃንስበርግ የመንገዶች ኤጀንሲ ቩማካም ለተባለው የግል ኩባንያ የመንገድ ካሜራዎች ፈቃድ መስጠት ሲያቆም፣ ፍርድ ቤት እንዲቀጥል አዘዘው። የፊት ገጽታና የጣት አሻራ መለያ ግን በፖፒያ ልዩ ጥበቃ አለው።

ወረቀታችን አላለቀም ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ፖፒያ ዜግነት አይጠይቅም። አንድ ድርጅት መረጃችሁን መያዝ አለመያዙን በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ። አልመልስም ካለ፣ አቤቱታው የሚቀርበው ለመረጃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው።