አዲስ የተቀባው ግድግዳ ምን ደብቋል?

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ጥራት አፕ ስለ ወረታ አንድ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ቁጥሩ ግን በአብዛኛው ከሳተላይትና ከኮምፒውተር ስሌት የተገኘ የውጭ አየር ግምት ነው። የአልጋችሁ ራስጌ ያለው ግድግዳ ሻግቶ እንደሆነ ስልኩ በምንም ተአምር አያውቅም። እኛ ደግሞ በክረምት የምንተነፍሰው በአብዛኛው የክፍላችንን አየር ነው።

ፎገራ ለሻጋታ የተመቸ አገር ነው ብል የአካባቢው ሰው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ሜዳው ከጣና በስተምሥራቅ ተዘርግቷል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ወጥተው ይተኙበታል። አፈሩም ውሃ ከያዘ ቶሎ የማይለቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ሩዝ እንዲህ የሰመረለትም ለዚሁ ነው። ሩዙን የሚያበቅለው ውሃ ግን ለጭቃ ቤት አይበጅም፤ መሠረቱ ዝቅ ያለ ግድግዳ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ከመሬት ወደ ላይ ይስባል። ዋልካው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ምርጊቱም አብሮት ይሰነጠቅና ለዝናብ በር ይከፍታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደነበረው ያለ ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ የተፈናቀለው ሰውና የጠፋው እህል ይቆጠራል። ውሃው ከጎደለ በኋላ ግድግዳው ውስጥ የቀረውን እርጥበት ማን ይቆጥራል? የረጠበ ነገር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል።

ወባም አለች። ሲመሽ ትንኝ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል፤ የታጠበው ልብስ ውስጥ ይሰጣል፣ አራት ሰው ሲተነፍስ ያድራል፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። መስኮቱ ላይ የወንፊት ሽቦ መምታት ሁለቱንም ጠላት በአንድ ጊዜ ይይዛል። አጎበሩ ግን እንዳለ ይቆይ።

ታዲያ ቤቱ ምርመራ ያስፈልገዋል ወይ? በእኔ እምነት በገንዘብ የሚገዛ ምርመራ አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ ላይ «ከዚህ በላይ ከሆነ አደገኛ ነው» የሚል የሻጋታ ቁጥር አላስቀመጠም። ያለው በአጭሩ፣ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስም፣ ከሳልና ከሌላም የመተንፈሻ ችግር ጋር ስለሚያያዝ እርጥበቱን አስወግዱ ነው። የሻጋታው ዓይነት ምንም ይሁን ምን መፍትሔው አይለወጥም። ስለዚህ አፍንጫችሁን እመኑ። ከውጭ ስትገቡ ቤቱ እምክ እምክ ካላችሁ አለ ማለት ነው። ዕጣን አታጭሱበት፤ ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ግድግዳውን አያደርቀውም።

ማወቅ የሚያስፈልገው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ለዚህ አንድ ክንድ የሚያህል ንጹሕ ላስቲክ ይበቃል። ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሽጉና ሁለት ቀን ተዉት። ጤዛው በላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ እርጥበቱ ከመሬት ወይም ከዝናብ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ደግሞ ከማብሰያው፣ ከልብሱና ከተዘጋው መስኮት ነው። የመጀመሪያው አሸንዳና ቦይ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው አየር።

አሸንዳውን ማን ያሠራል? ኢኮኖሚክስ ተምሬ ከያዝኳቸው ነገሮች አንዱ፣ ወጪውን የሚያወጣውና ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው ሲለያዩ ሥራው ሳይሠራ እንደሚቀር ነው። አሸንዳውን የሚከፍለው አከራይ ነው፣ የሚያስለው ተከራይ። ለአከራዩ ርካሹ መላ ቀለም ነው። ቀለሙ ደግሞ በጋውን በሙሉ አምሮ ይቆያል፤ ሐምሌ ላይ ነው የሚያብጠው። በጥር ቤት የምትፈልጉ ከሆነ የቤቱን እውነት የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው። ደላላው «ትናንት ነው የተቀባ» ብሎ ሲኩራራ እኔ ደስ አይለኝም። ከቁምሳጥኑ ጀርባ እዩ። ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ካለ፣ ወይም የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው፣ ጎረቤት ጠይቁ። «ነሐሴ ላይ ውሃው የት ድረስ ይደርሳል?» በሉ። ጎረቤት ኮሚሽን የለውም።

ገብታችሁበት ከሆነ ደግሞ አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። የሩዝ ጆንያ ካለም ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፤ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ሩዝ ራሱ ይሻግታል፣ ክፍሉንም ያረጥባል። የተበላሸው ቦታ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ብናኙ እንዳይነሳ መጀመሪያ አርጥቡት፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ፈትጉ። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ጭቃው ውስጥ ድረስ የዘለቀ ሻጋታ ግን በፍትጊያ አይለቅም። ምርጊቱ ተፍቆ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ እንደገና መመረግ አለበት። ከዘይት ቀለም ይልቅ ኖራ እመርጣለሁ፣ ግድግዳው ውሃውን እንዲያስተነፍስ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጭስ ሳላነሳ ባልፍ ግን ውሸታም እሆናለሁ። በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል የሚበስልበት ቤት ትልቁ የአየር ጠላት ሻጋታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ብሎ ይገምታል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ቀለሙን ትቼ ማድቤቱ ላይ የጭስ መውጫ አሠራለሁ። ልብስ ለማድረቅ ወይም ለመሞቅ ብሎ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ገዳዩ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም።

ስልኩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የእድፉን ዳርቻ በእርሳስ አስምሩ፣ አጠገቡ ቀኑን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። በወሩ ድገሙት። እድፉ መስመሩን አልፎ ከሄደ ሁለቱንም ፎቶ ለአከራዩ ላኩ፤ ቢቻል ግንቦት ላይ፣ ከጣራው ሥር ቦይ ለመቆፈር መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ።