የእህል መጋዘንና የክረምት ውኃ በደጎሎ

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ብሂል በወሎ ደጋ ላይ መደብርና መጋዘን ለሚያሠራ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ምክር ነው። የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ደጎሎ የስንዴ፤ የጤፍና የምስር አገር ናት። ምድሯ ግን ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር ዐፈር ነው። ይህ ዐፈር በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በላዩ የቆመውም ግድግዳ አብሮ ሲነሣና ሲወርድ ቆይቶ ስንጥቅ ያወጣል።

ጎርፍ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው የድሬዳዋው ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ቤትና ንብረትም ጠርጎ ወሰደ። በደጎሎ ሜዳ ያለው ውኃ ግን እንዲህ እየገሠገሠ አይመጣም፤ ተኝቶ ቀስ በቀስ በግድግዳው ሥር ይሰርጋል እንጂ። ከወለል ላይ የተደረደረው እህል ርሶ ይሻግታል፤ የሻገተውንም ላኪ አይረከበውም።

አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ስለሚችል፤ በዓለም ዙሪያ ኀይለኛ ዝናብ እየበረታ ሄዷል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ልክ የተሠራ መጋዘን ለሚመጣው ላይበቃ ይችላል።

ገበሬው መረሬውን በመደብና በቦይ ከፍሎ ውኃውን ያንጣፍፋል። አበውም ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርገው ማቆማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕንፃም የሚሻው ይህንኑ ነው። መሠረቱ የሚያብጠውን ዐፈር አልፎ ጠንካራ ምድር እስኪያገኝ ይቈፈር፤ ጠንካራው ምድር እጅግ ከራቀም ጥቁሩ ዐፈር ወጥቶ በማያብጥ ጠጠራማ ዐፈር ይተካና ይጠቅጠቅ። የድንጋዩ ውኃ ልክ በክረምት ውኃው ከሚደርስበት ምልክት በላይ ይውጣ። የጣራው ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ ርቆ ይውረድ፤ ጆንያውም በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር።

ይህ ወጪ መሠረት ሲጣል የሚቻል ነው፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ቤቱን እንደገና ከመሥራት የሚተናነስ አይደለም። አንዱ ነጋዴ ቦዩን ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ ቢያዞር ደግሞ ጥፋቱን አዛወረው እንጂ አላስቀረውም። መጋዘን የግል ነው፤ የቦይ ሥራ ግን የገበያው ሁሉ የጋራ ጉዳይ በመሆኑ ዝናብ ሳይጥል በበጋ ተመካክሮ መጀመር ይገባል።