የፖሊስ ዱላ ሰንበሩ ከጠፋም በኋላ ይጎዳል

ባለፈው ዓመት አብራን የምትኖር ልጅ ከሥራ ስትመለስ ፖሊስ ያዛት። ኢቃማዋ አልቆ ነበር። ጭኗንና ጀርባዋን በዱላ ሲቀጠቅጧት ቆዩ፤ በግርግሩ መሀል አምልጣ መጣች። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ስንላት «እዛም ፖሊስ አለ» ብላ እምቢ አለች። እኛም ብሩፌን ሰጥተን አስተኛናት። በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ወፍራም ሻይ መሰለ። በግድ ወሰድናት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኩላሊቷ ይበላሽ ነበር» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ክፉኛ ሲደበደብ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ደም ውስጥ ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ብሩፌን ደግሞ ያብሰዋል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።

የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር በ2018 (እ.ኤ.አ.) የፖሊስ ጥቃት የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው ብሏል። እውነት ነው፤ የሚጎዳው የተመታው ሰው ብቻ አይደለም። ልጅቷ ከተደበደበች በኋላ እኛ ቤት ስኳር ያለባት መድኃኒቷ አልቆ ዝም አለች፤ ነፍሰ ጡሯም ክትትሏን አቆመች። አንዷ ተመታች፣ ሁላችንም ታመምን። በ2013 ኖቬምበር (እ.ኤ.አ.) ሪያድ መንፉሃ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ሀበሻ ተደበደበ፣ የሞተም አለ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው አገሩ ሲገባ ብዙዎቹ አእምሯቸውም ተጎድቶ ነበር።

እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ አንዷ ከተመታች ይህን አስታውሱ፦

ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ካነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት። ሐኪም ሳያያት ብሩፌን አትስጧት።

ጭንቅላቷን ተመትታ ካስመለሳት፣ ከተምታታባት ወይም እንቅልፍ አልለቅ ካላት አታስተኟት፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዷት።

ነፍሰ ጡር ሆዷን ከተመታች ባይደማትም ትታይ።

ካቴና ያሰረው እጅ መደንዘዙ ካልለቀቀ ለሐኪም ይነገር።

ቁስሉን ከነቀኑ ፎቶ አንሱ፤ የሐኪም ወረቀትም ጠይቁ። ለምታምኑት ሰው ላኩት።

ሌሊት የምትባንን ከሆነ «አበደች» አትበሏት። ይህም ቁስል ነው። ብቻዋን አትተዉአት።

ወረቀት የሌላችሁ ደግሞ ያለ ኢቃማ የሚያክም ክሊኒክ የት እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ሰው ከተመታ በኋላ መፈለግ ከባድ ነው።

ጓደኛችን አሁን ድናለች፣ ትሠራለች። በር ሲንኳኳ ግን እስካሁን መታጠቢያ ቤት ገብታ ትቆልፋለች። እኛም ስንገባ ከውጭ ስሟን መጥራት ለምደናል።