የሥጋው ትል ከየት መጣ?

ሥጋ ውሎ ሲያድር ትል ይታይበታል። ስለዚህ በጥንት ዘመን ሊቃውንት ሳይቀሩ ትልን የሚያስገኘው የሥጋው መበስበስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለ ታየ ብቻ ምክንያቱ የፊተኛው ነው ብሎ መፍረድ ግን ሰውን ሲያሳስት የኖረ ልማድ ነው።

በኢጣልያ አገር የቶስካና ታላቅ መስፍን ሐኪም የነበረው ፍራንቼስኮ ሬዲ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1668 ዓ.ም. ይህን የመረመረበትን ሙከራ በመጽሐፍ አሳተመ። የእባብ፥ የዓሣና የጥጃ ሥጋ በብልቃጦች ውስጥ አድርጎ ገሚሶቹን አጥብቆ ከደናቸው፤ ገሚሶቹን ክፍት ተዋቸው። ዝንብ እንደ ልቡ በሚገባባቸው ትል ፈላ፤ በተከደኑት ግን ሥጋው ቢበሰብስም ትል አልታየም።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንወቅ። አንደኛው፥ መርማሪው ሆን ብሎ የሚለውጠው ነው፤ ይኸውም መክደኛው ነው። ይህ ተለዋዋጭ ይባላል። የትሉ መገኘት ወይም መታጣት ደግሞ እርሱን ተከትሎ የሚመጣ ተለዋዋጭ፥ ማለት ውጤቱ ነው። ሁለተኛው በሁሉም ዘንድ አንድ ሆኖ የሚጠበቀው ነው፤ የሥጋው ዓይነትና ዕቃው እንደዚህ ነበሩ። ይህ ቋሚ ይባላል። ሦስተኛው ማነጻጸሪያው፥ ያልተከደነው ብልቃጥ ነው። እርሱ ባይኖር፥ ትል የታጣው በዚያ ሰሞን ዝንብ ስላልነበረ ይሆናል የሚል ጥርጥር በቀረ ነበር።

ነገር ግን መክደኛው ዝንብን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይከለክላል። ታዲያ ትሉን ያስቀረው የትኛው ነው? ሬዲ ይህን አስተውሎ ሌሎች ብልቃጦችን በስስ ሻሽ ሸፈነ። አየር ገባ፤ ዝንብ ቀረ፤ ሥጋውም አልተላም። ትሎቹ የታዩት ዝንብ ባረፈበት በሻሹ ላይ ነበር።

ይህ ትምህርት ለሊቃውንት ብቻ አይደለም። አንድ ገበሬ አዲስ ዘር ዘርቶ በዚያው ዓመት ፍግም ቢጨምር፥ ምርቱ ሲበዛ ዘሩን ያመስግን ወይስ ፍጉን? ሳይለይ ቢፈርድ በሚመጣው ዓመት ገንዘቡን ለማይረባ ዘር ሊያፈስ ይችላል። ይልቁንስ አፈሩ አንድ የሆነውን ማሳ ከሁለት ከፍሎ፥ በአንዱ አዲሱን፥ በሌላው የቀድሞውን ዘር በአንድ ቀን ይዝራ፤ ፍጉንም፥ እርሻውንም፥ አረሙንም ያስተካክል። ያን ጊዜ አውድማው ራሱ እውነቱን ይመሰክርለታል።